ጃጓር ኢ-ታይፕ፦ ሳታልቅ የተሸጠችው ቆንጆ

ለመኪና ወዳጆችና ለጋራዥ ሰዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ ነው። አነጋገሩን ብዙም አልነካሁትም። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት መኪና ብቻ ነው፤ ስለ ጃጓር ኢ-ታይፕ። ስሟን የማያውቅ ሰው እንኳ ፎቶዋን ሲያይ "እ፣ እሷ ናት እንዴ!" ይላል። ያቺ ኮፈኗ የማያልቅ፣ አፏ ትንሽ፣ ኋላዋ ሾል ያለ የእንግሊዝ መኪና። ወሬው ሁሌ ከመልኳ ይጀምርና እዚያው መልኳ ላይ ያልቃል። አይፈረድም። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሳይቀር በ1996 አንዲት ሰማያዊ ኢ-ታይፕ ወስዶ ከስብስቡ ቀላቅሏታል።

እኔ ግን ኮፈኑን ከፍተን እንድናይ ነው የምፈልገው። ምክንያቱም ይህች መኪና በ1961 ለገበያ ስትቀርብ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ገና አላለቀችም ነበር። ለእሽቅድምድም በታሰበ አካል ላይ መቀመጫና የሻንጣ ቦታ ተጨምሮባት፣ ሰው ማመን ባቃተው ርካሽ ዋጋ ተሸጠች። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ሙሉ በደንበኛ ቅሬታና በአሜሪካ ሕግ እየተገፋች ነው ረጅም መንገድ በምቾት የምትሄድ የጉዞ መኪና የሆነችው። የሚያናድደው ደግሞ፣ ምቾቷ በጨመረ ቁጥር መልኳ እየቀነሰ መሄዱ ነው።

ከባለቤቱ ልጀምር። ዊልያም ላየንስ ይባላል። በ1922 ብላክፑል ከተማ ውስጥ ከሸሪኩ ጋር የሞተር ሳይክል ሳይድካር መሥራት ጀመረ። ከሳይድካር ወደ መኪና ቦዲ፣ ከቦዲ ወደ ሙሉ መኪና ተሸጋገረ። ድርጅቱ ኤስ ኤስ ይባል ነበር፤ ጃጓር በ1935 የወጣ የአንድ ሞዴል ስም ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ፣ በ1945፣ ኤስ ኤስ የሚለው ስም እንግሊዝ ውስጥ የናዚን ኤስ ኤስ ጦር እንደሚያስታውስ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ድርጅቱ በሙሉ ጃጓር ተባለ።

ላየንስ መሐንዲስ አልነበረም። ዓይን ነው የነበረው። አዲስ መኪና ሲታሰብ በእንጨትና በላሜራ ልክ እንደ እውነተኛው ያሠራና ወደ ቤቱ አስወስዶ፣ ሳሩ ላይ አቁሞ፣ ራቅ ብሎ ያየው ነበር። እዚህ ጋ ትንሽ ቀንስ፣ እዚያ ጋ ትንሽ አውጣ ይላል። ሌላው ጠባዩ ደግሞ ሳንቲም ቆጣሪነቱ ነው። ይሄንን ያዙልኝ፤ ወሬው መሀል ደጋግሞ ይመጣል።

አሁን ሞተሩ። የላየንስ ፋብሪካ የነበረባት ኮቨንትሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ቦምብ የነደደች ከተማ ናት። የፋብሪካ ሰዎች ሌሊት ሌሊት እሳት እንዳይነሳ በተራ ይጠብቁ ነበር። ላየንስ ተራውን ከመሐንዲሶቹ ጋር አደረገው፤ ከዊልያም ሄይንስ፣ ከዋልተር ሃሰን እና ከክሎድ ቤይሊ ጋር። እነዚህ ሰዎች እሳት እየጠበቁ ስለ ሞተር ሲያወሩ አደሩ፤ አንድ ሌሊት ሳይሆን ብዙ ሌሊት። ከዚያ ወሬ የወጣው ኤክስኬ የሚባለው ሞተር ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ አልሙኒየም ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል)፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች)። በዚያ ዘመን ሁለት ካምሻፍት ከላይ ማድረግ የእሽቅድምድም መኪና ቅንጦት ነበር፤ ለተራ ገበያ በብዛት የሚያወጣው ሰው አልነበረም። በ1948 በለንደኑ የመኪና ትርኢት ኤክስኬ 120 በምትባል ክፍት መኪና ውስጥ ታየ። 3.4 ሊትር፣ 160 የፈረስ ጉልበት።

ይኸው ሞተር እየተቀያየረና እየተስተካከለ እስከ 1992 ድረስ ተመርቷል። ጋራዥ ውስጥ የዋላችሁ ሰዎች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ትረዳላችሁ። እናም ኢ-ታይፕ በ1961 ስትወጣ ልቧ 13 ዓመት የሞላው ሞተር ነበር። ላየንስ አዲስ ሞተር ለማሠራት ገንዘብ አላወጣም። ለምን ያወጣል? ያለው እየሠራ ነው።

ሞተሩ የተፈተነው ደግሞ ፈረንሳይ፣ ለ ማን ላይ ነው፤ 24 ሰዓት ሙሉ በሚሮጥበት ውድድር። ሲ-ታይፕ የምትባለው የጃጓር የእሽቅድምድም መኪና በ1951 እና በ1953 አሸነፈች። በ1953ቱ ድል ትልቁ ወሬ ዲስክ ፍሬን ነው፤ ሌላው በታምቡር ፍሬን ከሩቅ ጀምሮ ሲያቀዘቅዝ ጃጓሮቹ እስከ መታጠፊያው አፍ ድረስ እየበረሩ ነበር የሚገቡት። ከዚያ ዲ-ታይፕ መጣች፤ 1955፣ 1956፣ 1957፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ። የ1955ቱ ድል ግን የሚጨፈርበት አይደለም። አንዲት መርሰዲስ ተመልካቹ መሀል ገብታ ከ80 በላይ ሰው ያለቀበት ዓመት ነው። በ1956 መጨረሻ ጃጓር በራሱ ቡድን መወዳደር አቆመ፤ የ1957ቱን ድል ያመጡት የግል ቡድኖች ናቸው።

ስለ ዲ-ታይፕ አሠራር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም፤ ኢ-ታይፕ የሷ ልጅ ናት። ሻንሲ፣ ማለትም መኪናን ከሥር የሚሸከም የብረት ፍሬም፣ የላትም። መሀሏ፣ ሹፌሩ የሚቀመጥበት፣ ከላሜራ የተሠራ ሸክሙን ራሱ የሚሸከም ሳጥን ነው፤ የአውሮፕላን አሠራር። ከፊቱ የቱቦ ፍሬም ይታሰራል፤ ሞተሩም የፊት እግሯም እዚያ ላይ ነው የሚያርፉት። ኮፈኑ ከመከላከያው ጋር አንድ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ይከፈታል። ኢ-ታይፕን ኮፈኗ ተከፍቶ ያያት ሰው ይሄንን ሁሉ በአንድ እይታ ያገኘዋል፤ ሞተሩ በቀጫጭን ቱቦዎች መሀል ራቁቱን ቁጭ ብሏል።

ይህን የአውሮፕላን ነገር ያመጣው ማልኮም ሴየር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ብሪስቶል በሚባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ጃጓር የገባው በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ስታይሊስት ሲሉት አይወድም ነበር፤ ሥራዬ ስሌት ነው ባይ ነው። የቦዲውን ቅርጽ በሥዕል አይጀምርም። በቁጥር ነው የሚጀምረው። የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ይዞ እያንዳንዱ የላሜራ መስመር የሚያልፍበትን ነጥብ ያሰላና ረጅም የቁጥር ዝርዝር ይሰጣቸዋል፤ ሠራተኞቹ ከዚያ ቁጥር ነው ቅርጹን የሚያወጡት። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። መኪናው ከተሠራ በኋላ ደግሞ ቦዲው ላይ የሱፍ ክር በየቦታው ለጥፎ በፍጥነት እየተነዳ፣ ክሩ ወዴት እንደሚተኛ፣ የት እንደሚርገበገብ ያያል።

እና እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ኢ-ታይፕ ለነፋስ ተሰልታ የተሠራች ናት ይባላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን በዘመናዊ መለኪያ ስትለካ የነፋስ መቋቋሚያ ቁጥሯ 0.44 አካባቢ ነው የወጣው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሻላል። ዛሬ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሱባት የቤት መኪና ከሷ በጣም ትሻላለች። በከፍተኛ ፍጥነትም አፍንጫዋ ቀለል ይላል። ሴየር ሰነፍ ስለነበር አይደለም፤ የዚያን ጊዜ እውቀት እዚያ ድረስ ነው። ቅርጹን ለፍጥነት ብሎ አሰላው፣ ውበቱ ሳይታሰብ ከስሌቱ ጋር መጣ፣ በኋላ ሲታይ ፍጥነቱ ከሞተሩ እንጂ ከቅርጹ ብዙም አልነበረም። እኔ ይሄን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

በ1957 የካቲት ውስጥ ብራውንስ ሌን የሚባለው የጃጓር ፋብሪካ ተቃጠለ። ከዲ-ታይፕ ትርፍ አካል ለመንገድ ይሠሩ የነበሩት ኤክስኬኤስኤስ የሚባሉ መኪኖች ዘጠኙ እሳቱ ውስጥ ቀሩ፤ 16 ብቻ ነው የተሠራው። በዚያው ዓመት ግን የኢ-ታይፕ የመጀመሪያ ሙከራ መንገድ ላይ ወጣች። ኢ1ኤ ትባላለች፤ ቦዲዋ አልሙኒየም፣ ሞተሯ ትንሹ 2.4 ሊትር። ቀጥላ ኢ2ኤ መጣች። በ1960 አሜሪካዊው ብሪግስ ከኒንግሃም ለ ማን ላይ አሰለፋት፤ ዳን ገርኒና ዋልት ሃንስገን ነዷት። አልጨረሰችም። ኋላዋ ግን አዲስ ነገር ነበረበት፣ ወደሱ ልሂድ።

እስከዚያ ድረስ ለመንገድ የሚሸጡት የጃጓር ስፖርት መኪኖች ኋላቸው ድፍን አክስል በባሌስትራ (በተደራራቢ የብረት ሞላ) ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ሌላውም አብሮ ይደነግጣል። ለረጅም መንገድ ወገብ ይጨርሳል። ጃጓር ውስጥ ሲነገር የኖረ ወሬ አለ፦ ላየንስ መሐንዲሱን ቦብ ናይትን፣ ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበትን አዲስ ኋላ በአንድ ወር ውስጥ ሠርተህ መኪና ላይ አትገጥምም ብሎ በ5 ፓውንድ ተወራረደው። ናይት በ27 ቀን ገጥሞ አመጣ። አምስት ፓውንዱን በላ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል በብረት ሳጥን ውስጥ ይታሰራል። ከግራና ከቀኝ የሚወጡት ሴሚያሴ የሚባሉ ዘንጎች ጎማ ማሽከርከር ብቻ ሳይሆን እንደ ላይኛው ክንድም ያገለግላሉ፤ አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ፣ ላየንስ የሚወደው ዓይነት ነገር። ከታች አንድ ክንድ አለ። በየጎኑ ሁለት ሁለት ሞላ፣ በድምሩ አራት። የፍሬን ዲስኮቹ ደግሞ ጎማው ጋ አይደሉም፣ ዲፈረንሻሉ ሥር ናቸው፤ ጎማው እንዲቀልና መንገዱን ቶሎ እንዲከተል። ሳጥኑ በሙሉ ከቦዲው ጋር የሚገናኘው በጎማ ትራስ ነው፣ ስለዚህ ጉርምርምታው ጋቢና አይገባም። ጃጓር ይህንኑ አሠራር እያሻሻለ እስከ 90ዎቹ ድረስ ተጠቀመበት። አሜሪካ ውስጥ የድሮ መኪና የሚያድሱ ሰዎች ይሄን ሳጥን ብቻ ከጃጓር ፈተው በራሳቸው መኪና ሥር ይገጥሙታል።

ለመካኒኩ ግን መከራ ነው። ዲስኩ ዲፈረንሻሉ አጠገብ ስለሆነ ይግላል። ሙቀቱ የዘይት መከልከያውን ያደርቀዋል፣ ዘይቱ ያንጠባጥባል፣ የሚያንጠባጥበው ደግሞ የት ላይ? ፍሬኑ ላይ። ያንን ዲስክ ልቀይር ያለ ሰው በደህና ለመሥራት ሳጥኑን እንዳለ ማውረድ አለበት። ይህን ሥራ የሠራ መካኒክ ቦብ ናይትን ሲያመሰግን አልሰማሁም።

ስለ ቦዲው አንድ ነገር ልጨምር። ጃጓር ይህች መኪና ያን ያህል ትሸጣለች ብሎ አልገመተም፤ ስለዚህ ላሜራ ተጭኖ በአንድ ጊዜ የሚቀርጽ ትልቅ ማሽን አልተገዛላትም። ቦዲዋ ከብዙ ትንንሽ ቁራጭ ላሜራ ተበይዶ ነው የተገጣጠመው፣ ስፌቱም በቀለጠ እርሳስ ተሞልቶ በእጅ ተሞርዷል። ያ ዝነኛ ኮፈን ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ከመሀሉ ግራና ቀኝ ቀጭን የሚያብለጨልጭ ጌጥ አለ። ጌጥ አይደለም፤ መጋጠሚያውን የሚሸፍን ክር ነው። ቀሚስ ላይ ስፌቱን ለመደበቅ ጥለት እንደሚደረበው። መሀሉ ላይ ያለው እብጠትም ለጉልበት ማሳያ የተሠራ አይደለም። ኤክስኬ ሞተር ቁመቱ ረጅም ነው፤ ፒስተኑ 106 ሚሊ ሜትር ነው የሚጓዘው፣ ከላዩ ሁለት ካምሻፍት ተጭኖበታል። ዲ-ታይፕ ላይ ሞተሩን አጋድመው ነበር ያስገቡት፤ ኢ-ታይፕ ላይ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ኮፈኑ ማበጥ ነበረበት።

ጣሪያ ያላት ሞዴል ደግሞ የቦብ ብሌክ ውለታ ናት። አሜሪካ የተወለደ፣ ጃጓር ሙከራ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ባትላሜራ (ላሜራ ቀጥቃጭ) ነው። ክፍቷን መኪና ወስዶ ከላይዋ በቀጭን የብረት ዘንግ የጣሪያ መስመር እያጠፈ በየመገናኛው ላይ ነጠብጣብ ብየዳ ጣለበት። ላየንስ ሊጎበኝ ሲመጣ አየውና ወደደው። በዚያው ተሠራች። እስቲ አስቡት፦ አንዱ በሎጋሪዝም ያሰላት፣ ሌላው በብየዳ ዘንግ የጨረሳት መኪና። የኋላ በሯም ወደ ጎን ይከፈታል፣ ከውስጥ ሻንጣ የሚደረደርበት ሰፊ ቦታ አላት። የጉዞ መኪና ለመባል የበቃችው በዚህች በር ነው እላለሁ።

መጋቢት 15፣ 1961። ጄኔቫ። የመኪና ትርኢቱ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ጋዜጠኞች መናፈሻ ውስጥ ባለ ምግብ ቤት ተጠርተዋል። የጃጓር የሕዝብ ግንኙነት ሰው ቦብ ቤሪ ጣሪያ ያላትን አንዷን ከኮቨንትሪ ሌሊቱን እየነዳ ሲደርስ ጋዜጠኛው ቆሞ እየጠበቀ ነበር። መኪናዋ ታጥባ ገባች። ግርግር ተፈጠረ። ሁሉም ልንዳ ይላል፤ በአንዲት መኪና የሚዳረስ አልሆነም። ላየንስ ኮቨንትሪ ደውሎ ክፍቷም ትምጣ አለ። የፈተና ሹፌሩ ኖርማን ዲዊስ የያዘውን ሥራ ጥሎ ማምሻውን ተነሳ፤ ባሕሩን በመርከብ ተሻግሮ፣ ፈረንሳይን በጨለማ አቋርጦ በማግስቱ ረፋድ ላይ ጄኔቫ ደረሰ። ከዚያ ዕረፍት የለም፣ እዚያው ጋዜጠኛ እየጫነ ዳገት ላይ ማሳየት ጀመረ። እኒህ ሰው በ2019 በ98 ዓመታቸው ነው ያረፉት።

ግርግሩ በመልክ ብቻ አይደለም። ዋጋው ነው። ክፍቷ ከነግብሯ ወደ 2,100 ፓውንድ፣ ጣሪያ ያላት ወደ 2,200። አስተን ማርቲን ዲቢ4 በዚያን ጊዜ ወደ 4,000 የሚጠጋ ነው። የፈረስ ጉልበቷ 265 ተባለ፤ የድሮ አለካክ ስለሆነ በዛሬው ቁጥሩ ይወርዳል። ከቀዳሚዋ ከኤክስኬ 150 ደግሞ በ200 ኪሎ አካባቢ ቀላለች። የእንግሊዝ መጽሔቶች ሲፈትኗት 150 ማይል በሰዓት አገኙባት፤ 241 ኪሎ ሜትር። እንግሊዝ ውስጥ አውራ ጎዳና ላይ የፍጥነት ገደብ የመጣው በ1965 መጨረሻ ነው፣ ስለዚህ በ1961 ያንን ፍጥነት በሕጋዊ መንገድ መሞከር ይቻል ነበር! ለመጽሔት የተሰጡት መኪኖች ግን በደንብ የተዘጋጁ ናቸው። ተራው ደንበኛ የገዛት ወደዚያ ቁጥር አትደርስም ነበር።

በሚያዝያ ደግሞ ግራሃም ሂል ኦልተን ፓርክ ላይ የመጀመሪያ ውድድሯን አሸነፈላት። ሰልፉ ረዘመ። አሜሪካም ትዕዛዝ ጎረፈ።

አሁን ወደ ቅሬታው። መኪናዋን የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት በደስታ ሰከረ፤ በሁለተኛው ሳምንት ወገቡን አመመው። መቀመጫው ቀጭን ነው፣ ለሩጫ እንጂ ለስድስት ሰዓት ጉዞ አይደለም። ወለሉ ደልዳላ ስለሆነ ረጅም ሰው እግሩን የሚያደርግበት የለውም፤ ጉልበቱ መሪው ሥር ይሰነቀራል። ይሄን በ1962 መጀመሪያ ላይ ወለሉን ጎድጎድ አድርገው አስተካከሉት። ካምቢዮው የድሮ ነው፣ አንደኛ ማርሽ ሳይንጫጫ እንዲገባ የሚያደርገው ሲንክሮ የለውም፤ መኪናው ሳይቆም አንደኛ ላስገባ ያለ ሰው ጩኸቱን ሰፈር ይሰማል። ፍሬኑ ዲስክ ቢሆንም እግር አጥብቆ ካልረገጠው አይሰማም። የፊት መብራቱ መስታወት ሥር ተደብቆ ያምራል፤ ሌሊት ግን ብርሃኑ ደካማ ነው። በዚያ ፍጥነት በዚያ መብራት መሄድ ድፍረት ይጠይቃል። አፏ ትንሽ ስለሆነ በከተማ ሙቀትና በመኪና ሰልፍ መሀል ሞተሩ ይግላል። እነዚያን ሦስት የዝናብ መጥረጊያዎችም እዩዋቸው፤ መስታወቱ ሰፊና አጭር ስለሆነ ሁለት አልበቃ ብሎ ነው።

ለዚህ ሁሉ መልስ የመጣው በጥቅምት 1964 ነው። ሞተሩ 4.2 ሊትር ሆነ። እንዴት? ብሎኩ ውስጥ ቦታ ስለሌለ ሲሊንደሮቹን አንቀሳቀሷቸው፤ ዳርና ዳር ያሉት ወደ ውጭ፣ መሀል ያሉት ደግሞ እርስ በርስ ተጠጉ። በወረቀት ላይ የፈረስ ጉልበቱ ያው 265 ነው፣ ብዙ ሰውም ምን ተለወጠ ብሎ ነበር። ልዩነቱ ከታች ነው። በዝቅተኛ ዙር ጉልበት አገኘች፤ ማርሽ ሳይቀይሩ ዳገት መውጣት፣ ሳይጨነቁ መቅደም መጣ። ካምቢዮው አዲስ፣ ከአንደኛ ጀምሮ በሙሉ ሲንክሮ ያለው። የፍሬኑ ማገዣ ተቀየረ። ዲናሞው በአልተርኔተር ተተካ። መቀመጫው የሰው መቀመጫ ሆነ። መልኳ ግን አልተነካም። ጃጓር ይህችን መኪና በትክክል የጨረሳት በዚህ ወር ነው፤ ለሽያጭ ከወጣች ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። በ1966 ልጆች ከኋላ የሚቀመጡባት መጣች። ርዝመቷ በ23 ሴንቲ ሜትር ተለጠጠ፣ ጣሪያዋ ከፍ አለ፣ ለፈለገ ሰው አውቶማቲክ ካምቢዮ ተጨመረ። ስለ መልኳ ምንም አልልም። ቤተሰብ ላለው ሰው ግን ጃጓር ወይ ልጆች ከሚለው ጭንቀት ገላገለችው፤ አሜሪካኖቹም ወደዷት።

ቀጥሎ ሕግ መጣ። አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ የመኪና ደህንነትና የጭስ ደንብ አወጣች፤ ጃጓር ደግሞ ያለ አሜሪካ ገበያ መኖር አይችልም። መብራቱን የሸፈነው መስታወት ተነሳ። ክሩስኮቱ ላይ ተደርድረው የነበሩት እነዚያ የአውሮፕላን የሚመስሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ሰው ይጎዳሉ ተብለው በጠፍጣፋ ተቀየሩ። በ1968 መጨረሻ ሁለተኛው ተከታታይ ሞዴል ሲወጣ አፏ ሰፋ፣ ፓራውልቷ ከበደ፣ የኋላ መብራቶቿ ትልልቅ ሆነው ከፓራውልቱ ሥር ወረዱ። ለአሜሪካ የምትሄደው ከሦስት ካርቡራተር ወደ ሁለት ወረደች፤ ጉልበቷም አብሮ ወረደ። በሌላ በኩል ግን አፏ ስለሰፋና ሁለት ማራገቢያ ስለተገጠመላት መጋሉ ቀነሰ፣ ፍሬኗም ተሻሻለ። አፍቃሪዎቿ ይህችን ሞዴል ሲያጣጥሉ እሰማለሁ። ለቀን ተቀን መንዳት ግን ከመጀመሪያዋ ትሻላለች፤ ደስ ባይላችሁም እውነቱ ይሄ ነው።

በ1971 ደግሞ 12 ሲሊንደር። 5.3 ሊትር፣ 272 የፈረስ ጉልበት፣ በአዲሱ አለካክ። የዚህ ሞተር ሐሳብ የመጣው እንደገና ለ ማን ለመግባት ከነበረ ምኞት ነው። ኤክስጄ13 የምትባል፣ ሞተሯ ከሹፌሩ ኋላ የሆነ አንዲት መኪና በ1966 ተሠርታ ነበር፤ ቦዲዋን ያወጣው ያው ሴየር ነው። ሳትወዳደር ቀረች። በ1971 ለአዲሱ ሞተር ማስታወቂያ ፊልም ልትቀረጽ ስትወጣ ጎማዋ ከዳና ተገለባበጠች። የሚነዳት ማን ነበር? ዲዊስ! ያ የጄኔቫው። ምንም ሳይሆን ወጣ።

ባለ 12ቷ ለስላሳ ናት። በሦስተኛ ማርሽ ከእግረኛ ፍጥነት ተነስታ ሽቅብ ትሄዳለች፣ ድምፅ የላትም፣ መሪዋ በዘይት ግፊት ቀለለ። ክፍቷም ባለ ጣሪያዋም በረጅሙ ልክ ብቻ ሆነች። አፏ ላይ ፍርግርግ ተገጠመ። ሩጫ ሜዳ ላይ የጀመረችው መኪና እዚህ ስትደርስ ሙሉ በሙሉ የጉዞ መኪና ሆናለች። ነዳጅ ግን ትጠጣለች፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ18 ሊትር በላይ። በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ይሄ የሞት ፍርድ ነበር። ጃጓርም በዚያን ጊዜ የራሱ ጌታ አልነበረም። ከ1968 ጀምሮ ብሪቲሽ ሌይላንድ በሚባለው ትልቅ ድርጅት ሥር ገብቷል፣ ላየንስ በ1972 ጡረታ ወጥተዋል፣ ሴየር በ1970 ሞቷል። በ1974 ማምረት ቆመ። የመጨረሻዎቹ 50 መኪኖች ከአንዷ በስተቀር ጥቁር ተቀቡ። በጠቅላላው ከ72,000 በላይ ተሠርታለች፣ አብዛኛው ከእንግሊዝ ውጭ የተሸጠ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኤክስጄ-ኤስ መጣችና ቦታዋን ያዘች፤ ሰው ግን እሷን ለመውደድ ብዙ ዓመት ፈጀበት።

ጥያቄ ሲደርስ አንድ ወንድማችን የትኛዋን ትገዛ ነበር አለኝ። ገንዘቡ ካለ ማለቱ ነው። እኔ የ1965ቱን ባለ 4.2፣ ጣሪያ ያላትን፣ ባለ ሁለት መቀመጫዋን ነው የምገዛው። የመጀመሪያዎቹ በዋጋ ይበልጣሉ፣ ግን ያንን መቀመጫና ያንን ካምቢዮ ለፎቶ ብዬ አልሸከምም።

ሌላው ደግሞ ልንገዛ ስንል ምን ምኑን ነው የምናየው አለ። ቀለሙን እርሱት። ሞተሩንም በኋላ እዩት፤ ኤክስኬን የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ኮፈኑን ክፈቱና ሞተሩን የተሸከሙትን ቱቦዎች እዩ። ከውስጥ ነው የሚዝጉት፤ ከውጭ ቀለም ተቀብተው ሊያምሩ ይችላሉ። ባትሪው አካባቢ ያሉትን በተለይ፣ አሲድ ሲንጠባጠብባቸው ኖሯል። ከዚያ ከበሩ ሥር ያለውን የቦዲ ሳጥን በጣታችሁ ጫን በሉት። ሻንሲ የላትም ብያችኋለሁ፤ እሱ ከበሰበሰ ሌላ የሚሸከማት ነገር የለም፣ ሻጩ ምንም ቢል ዋጋው ላይ ሳትደርሱ ተመለሱ።